መታዘዝ ሲቆም፦ የሰላማዊ ትግል አስተሳሰብና አሠራር

ሎሪ ፕሪቼት ማርቲን ሉተር ኪንግን ለማሸነፍ ሲል መጽሐፍ ያነበበ ፖሊስ ነበር። በ1961 መጨረሻ (የውጭ አገር ታሪክ ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በኦልባኒ ከተማ፣ ጥቁሮች የዘር መድልዎን በመቃወም አደባባይ መውጣት ሲጀምሩ፣ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ይህ ሰው የጋንዲን ስልት ፈልጎ አጠና። እስር ቤቱ ሞልቶ እስኪፈስ መታሰር የታጋዮቹ መሣሪያ እንደሆነ ገባው። ስለዚህ በዙሪያው ካሉ አውራጃዎች ጋር ተነጋግሮ እስረኞቹን የሚበትንበት ቦታ አስቀድሞ አዘጋጀ፤ ፖሊሶቹንም ካሜራ ባለበት ዱላ እንዳያነሱ አስጠነቀቀ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። የኦልባኒ እስር ቤት ግን አልሞላም፤ ጋዜጦችም የሚያትሙት የደም ፎቶግራፍ አላገኙም። በጁላይ 1962 ኪንግ መቀጫ ከመክፈል 45 ቀን መታሰርን መርጠው ወህኒ ሲገቡ፣ በሦስተኛው ቀን ማንነቱ ያልተገለጸ ሰው ከፍሎልዎታል ተብለው እንዲወጡ ተደረገ። ሊታሰሩ የገቡት ሰው ተባርረው ተፈቱ።

ኪንግ ከኦልባኒ የወጡት ይህ ነው የሚባል ውጤት ሳይዙ ነው። በዓመቱ ወደ በርሚንግሃም፣ አላባማ ሲዘምቱ ግን ዝግጅቱ ሌላ ነበር። ባልደረባቸው ዋያት ቲ ዎከር የመኻል ከተማውን ሱቆችና ምግብ ቤቶች አስቀድሞ አጠና። ጥያቄውም «መድልዎ በጠቅላላ ይቅር» ከሚለው ወርዶ፣ ነጋዴው በፋሲካ ገበያ ሰሞን ኪሱ ሲጎዳ ሊመልሰው ወደሚችል ዝርዝር ጠበበ። የከተማዋ የጸጥታ ኃላፊ ቡል ኮነር ደግሞ እንደ ፕሪቼት ቁጣውን የሚውጥ ሰው አልነበረም። በሜይ 2፣ 1963 ልጆች ከትምህርት ቤት እየወጡ ሰልፉን ሞሉት፤ በማግስቱ ኮነር ውሻና የእሳት አደጋ መኪና ውሃ ለቀቀባቸው። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። በሜይ 10 ከነጋዴዎቹ ጋር ስምምነት ተደረሰ፤ በ1964 የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ጸደቀ።

መሪው አንድ፣ እምነቱ አንድ፣ መዝሙሩም አንድ፤ ውጤቱ ግን ለየቅል ነው። ሰላማዊ ትግልን የደጋግ ሰዎች መንገድ ነው ብሎ አመስግኖ ማለፍ ለዚህ ልዩነት መልስ አይሰጥም። መስኩ ላለፉት መቶ ዓመታት የራሱ ንድፈ ሐሳብ፣ ሥልጠና፣ ስሌትና የጦፈ ክርክር ይዞ አድጓል። ተቃራኒው ወገንም እንደ ፕሪቼት ማንበቡን አላቆመም።

ከገዳም እስከ ባቡር ጣቢያ

ነፍስ አላጠፋም ከሚለው እምነት የሚነሳው መሥመር እጅግ አሮጌ ነው። በሕንድ የጄይን ሃይማኖት ተከታዮች አሂምሳ ብለው ትንሿን ነፍሳት እንኳ ላለመጉዳት ሲጠነቀቁ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በክርስትናው የተራራውን ስብከት ቃል በቃል እንኖረዋለን ያሉት ሜኖናይቶችና ኩዌከሮች ጦር አንይዝም በማለታቸው በአውሮፓ ታስረዋል፣ ተሰደዋል። ይህ መሥመር ኢትዮጵያም ደርሷል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከሜኖናይት ሚሲዮን ሥራ የተወለደች ናት። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ዘግቷት መሪዎቿን ሲያስር ምእመናኑ በየመኖሪያ ቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቀጠሉ፤ አደባባይ በወጣች ጊዜ ከተዘጋችበት ዘመን ብዙ እጥፍ አድጋ ተገኘች። በእስልምናውም ሶርያዊው ምሁር ጀውደት ሰዒድ በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ወንድሙ ሊገድለው ሲነሳ እጁን ያላነሳውን የአደም ልጅ ለዘመናችን አርአያ አድርገው አቅርበዋል።

ሥልጣንን ያለ ጦር መጋፈጥ በኢትዮጵያም ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን አፄ ዓምደ ጽዮን ከሥርዓት ውጪ አገቡ ብለው ፊት ለፊት የወቀሱ መነኮሳት ነበሩ፤ ከነዚህ አንዱ አቡነ አኖሬዎስ ተገርፈዋል፣ ሌሎቹም ወደ ሩቅ አገር ተግዘዋል። በኦሮሞ ባህል ደግሞ ሴቶች መብታቸው ሲደፈር ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው፣ የእርስ በርስ ጥሪያቸውን እያሰሙ ከቤት ይወጣሉ። እሳት አይነድም፣ ላም አይታለብም፤ በደሉ ታይቶ ካሣ እስኪወሰን ወደ ቤት አይመለሱም። ይህ በየትኛውም መለኪያ የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ ያውም ማንም የሠራተኛ ማኅበር ሳያስተምራቸው።

ወደ ዘመናዊው ፖለቲካ የተሻገረው ግን በጥቂት ሰዎች ቅብብሎሽ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ባርነትን ለሚጠብቅና ሜክሲኮን ለሚወጋ መንግሥት ግብር አልከፍልም ብሎ በ1846 አንድ ሌሊት ታሰረ፤ ሐሳቡን በ1849 በጽሑፍ አወጣው። ሩሲያዊው ሊዮ ቶልስቶይ ወንጌልንና ወታደርነትን ማስታረቅ አይቻልም የሚለውን መጽሐፋቸውን በአገራቸው ሳንሱር ስለከለከለው በ1894 በውጭ አገር አሳተሙት። መጽሐፉ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከአንድ ወጣት ሕንዳዊ ጠበቃ እጅ ገባ።

ጠበቃው ሞሃንዳስ ጋንዲ በ1893 የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዘው ሳሉ በፒተርማሪትስበርግ ጣቢያ ከባቡር የተወረወሩት ናቸው። በሴፕቴምበር 11፣ 1906 ጆሃንስበርግ በሚገኝ ቴአትር ቤት ሕንዳውያን ተሰብስበው፣ አሻራ እየሰጡ እንዲመዘገቡ የሚያስገድደውን ሕግ ላለመቀበል ማሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመታወቂያ ወረቀታቸውን ክምር በአደባባይ አቃጠሉት። ትግሉ እስከ 1914 ዘለቀ፤ ጋንዲም ሳትያግራሃ (እውነትን አጥብቆ መያዝ) ያሉትን ስልት የቀረጹት በዚህ ጊዜ ነው። በነዚያው ዓመታት ስለ ጥቁር አፍሪካውያን የጻፉት ንቀት ያለበት ቃልም እንዲሁ በታሪክ ተመዝግቧል። በጋና ዩኒቨርሲቲ በ2016 የቆመው ሐውልታቸው በመምህራንና በተማሪዎች ተቃውሞ በ2018 የተነሳው በዚህ ሰበብ ነው። ጋንዲን እንደ ታቦት የሚያነሳ ጸሐፊ ይህን መዝለል ይቀናዋል።

ጡንቻው የማን ነው?

ሁለተኛው መሥመር ከሃይማኖት የሚነሳ አይደለም። ፈረንሳዊው ኤትየን ደ ላ ቦኤቲ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ ገና ወጣት ሳለ፣ አንድ ጥያቄ አነሳ፦ አንድ ንጉሥ ሚሊዮኖችን የሚገዛው በስንት እጅ ነው? ያለው ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ እጅ፣ ዓይንና እግር የሚዋሰው ከራሳቸው ከተገዢዎቹ ነው። ይህን ሐሳብ ወደ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ያሳደጉት አሜሪካዊው ጂን ሻርፕ ናቸው። በኮሪያ ጦርነት ዘመን አልዘምትም ብለው ዘጠኝ ወር ታስረዋል። በ1973 በሦስት ቅጽ ያወጡት ሥራ እንደሚለው፣ ሥልጣን ከላይ የሚወርድ አይደለም፤ ግብር ከፋዩ፣ ጸሐፊው፣ የባቡር ነጂው፣ ዳኛውና ወታደሩ በየዕለቱ እየታዘዙ የሚያዋጡት ነው። አዋጪዎቹ ሲቀሩ ቤተ መንግሥት ሕንፃ ብቻ ይሆናል። ሻርፕ ከተቃውሞ ሰልፍ እስከ ግዢ ማቆም፣ ከሥራ ማዝገም እስከ ትይዩ መንግሥት ማቋቋም 198 ስልቶችን ዘርዝረዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለበርማ ታጋዮች ያዘጋጇት ቀጭን መጽሐፍ ከ30 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉማለች፤ አማርኛም ከነዚያ አንዱ ነው።

ለጋንዲ የማይገድል ሰው እውነትን ይዟል፤ ተቃዋሚውም ልቡ ሊመለስ የሚችል ወንድም ነው። ለሻርፕ የተቃዋሚው ልብ መመለሱ ቢገኝ መልካም፣ ባይገኝም ግድ የለም፤ የሚታዘዙት ሰዎች መቀነሳቸው ይበቃል። ምሁራኑ በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ሆነው ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። በመስኩ የዋሉት ሰዎች ግን እንዲህ ተለይተው አይታዩም። ጋንዲ ከመጸለይ ባልተናነሰ የጨውን ዋጋና የጋዜጣን የማተሚያ ሰዓት ያውቁ ነበር። ኪንግም በሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ ጊዜ ቤታቸው ውስጥ የጦር መሣሪያ ነበር፤ ፍልስፍናው የጠለቀው አድማው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ እንደ ባያርድ ረስቲን ያሉ የሰላማዊ ትግል አማካሪዎች መጥተው፣ መሣሪያው ከቤት ወጥቶ። አድማው ራሱ 381 ቀን የፈጀው ግን በፍልስፍና ብርታት ብቻ አልነበረም፤ በየማለዳው ሠራተኛ የሚያመላልስ የመኪና ስምሪት ስለተደራጀ ነው።

ጨው፣ በርሜልና ቴሌቪዥን

በማርች 12፣ 1930 ጋንዲ 78 ተከታዮቻቸውን ይዘው ከሳባርማቲ ወደ ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ሲነሱ፣ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች እንኳ በምርጫው ተደናግረው ነበር። ነጻነት በጨው? ነገር ግን ጨው ሂንዱውም ሙስሊሙም፣ ባለጸጋውም ድሃውም የሚቀምሰው ነው፤ ሕጉ ደግሞ ከባሕር ዳር ጨው ማንሳትን ወንጀል ያደርጋል። ወደ 385 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ጉዞ 24 ቀን ወሰደ፤ በየመንደሩ ስብሰባ፣ በየቀኑ የጋዜጣ ዜና። በኤፕሪል 6 ጨው አነሱ። እንግሊዞቹ ቢያስሯቸው ሰማዕት፣ ቢተዋቸው ሕግ ሻሪ ጀግና ይሆናሉ። በዚያ ዓመት ከ60,000 በላይ ሰው ታሰረ። በሜይ 21 በሳሮጂኒ ናይዱ መሪነት ወደ ዳራሳና የጨው ማምረቻ የተጓዙት ሰዎች ብረት በታሰረበት ዱላ እየተመቱ ሲወድቁ፣ አንዱም እጁን ለመከላከል እንኳ አለማንሳቱን አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዌብ ሚለር ለዓለም ዘገበ።

ያን ዓመት ከጨው ዘመቻው በላይ መተረክ የሚገባው ነገር በፔሻዋር ተፈጽሟል፤ የሚተርከው ግን ጥቂት ነው። ፓሽቱኖች በጀግንነትና በደም መላሽነት የታወቁ ናቸው። ከነሱ መካከል ካን አብዱል ጋፋር ካን የተባሉ መምህር በ1929 ቀይ ሸሚዝ የሚለብስ፣ መሐላ የሚፈጽም፣ መሣሪያ ግን የማይዝ ሠራዊት መሠረቱ፤ መሠረታቸውም ቁርዓንና የነቢዩ ትዕግሥት ነበር። በኤፕሪል 23፣ 1930 የእንግሊዝ ጦር ቂሳ ኻዋኒ ገበያ ላይ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሰ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከዚያ የጋርዋል ክፍለ ጦር ወታደሮች ሂንዱዎች ሆነው ሳለ ባልታጠቁ ሙስሊሞች ላይ አንተኩስም አሉ። ለጦር ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ መሪያቸው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ለግዛቱ አስተዳዳሪዎች ግን ከሺህ ሰልፈኛ ይልቅ ያስጨነቃቸው የእነዚህ ጥቂት ወታደሮች እምቢታ ነበር።

እንዲህ ያለ ጽናት ከሰማይ አይወርድም። ቄስ ጄምስ ሎውሰን ሕንድ ውስጥ የጋንዲን መንገድ አጥንተው ከተመለሱ በኋላ፣ በናሽቪል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። ከፊሉ ተማሪ ነጭ ተሳዳቢ ሆኖ ይተውናል፤ ይገፋል፣ ሲጋራ ያጨስበታል፣ ከወንበር ይጎትታል። ሌላው ጭንቅላቱን እንዴት እንደሚሸፍን፣ የጓደኛውን ዓይን እንዴት እንደሚፈልግ ይለማመዳል። በፌብሩዋሪ 1960 ተማሪዎቹ ለነጮች ብቻ ወደተፈቀዱ የምሳ መደብሮች ሄደው ሲቀመጡ፣ አንዱ ቡድን ሲታሰር ሌላው ወንበሩን ይይዝ ነበር። የፋሲካ ገበያም ቀዘቀዘ። በሜይ 10 መደብሮቹ ለጥቁሮች ተከፈቱ።

ፖላንዳውያን የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት በደም ነው። በ1970 መንገድ ላይ ወጥተው በጥይት ተቆሉ። በኦገስት 1980 የግዳንስክ መርከብ ሠሪዎች ወደ መንገድ ከመውጣት የፋብሪካቸውን በር ከውስጥ ዘጉት፤ መጠጥም ከለከሉ። ሶሊዳርኖሽች የተባለው የሠራተኛ ማኅበራቸው ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጋ አባል አፈራ። በዲሴምበር 1981 ወታደራዊ አገዛዝ ከታወጀ በኋላ ደግሞ የሽቪድኒክ ከተማ ነዋሪዎች የመንግሥቱ ዜና በሚተላለፍበት ሰዓት ቴሌቪዥናቸውን ፊቱን ወደ መስኮት አዙረው ለሽርሽር መውጣት ጀመሩ። ለሽርሽር መውጣትን የሚከለክል ሕግ ከየት ይምጣ? በሰርቢያም ኦትፖር የተባለው የወጣቶች ንቅናቄ የስሎቦዳን ሚሎሼቪችን ምስል በርሜል ላይ ለጥፎ፣ ሳንቲም የጨመረ ሁሉ በዱላ አንዴ እንዲመታ ቤልግሬድ መኻል አቆመው። ወጣቶቹ ዞር ብለው ቡና ሲጠጡ ፖሊስ ደረሰ፤ የሚይዘው ሰው ቢያጣ በርሜሉን አሰረ። አገር ሳቀ። በኦክቶበር 2000 ሚሎሼቪች ወደቁ።

ሌላው ስልት ደብዳቤ ብቻ ሊሆን ይችላል። በናዚ የተያዘችው ኖርዌይ መምህራን በ1942 አዲሱን የፋሺስት ማኅበር አንቀላቀልም ብለው አንድ ዓይነት ቃል ያለው ደብዳቤ በየስማቸው ላኩ፤ ከ12,000ዎቹ የሚበዙት። 1,100 ያህሉ ታሰሩ፣ ብዙዎች ወደ ሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ተግዘው ከባድ ሥራ ሠሩ። ማኅበሩ ግን ሳይሆን ቀረ። በኢየሩሳሌምም በ1985 አዲስ የገቡ ኢትዮጵያውያን አይሁድ በዋናው የራቢዎች መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ገደማ ተቀመጡ፤ ይሁዲነታቸው ተጠርጥሮ የመንጻት ጥምቀት መጠየቃቸውን አንቀበልም ብለው። ለትውልዶች በስደት የጠበቁትን እምነት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ ነጭ ነጠላቸው በአገሪቱ ጋዜጦች ላይ ወጣ።

ቁጥሩ ምን ይላል

ለረጅም ጊዜ መስኩ የተረት ስብስብ ነው ተብሎ ሲታማ ነበር፤ ያሸነፈውን እያነሱ የተሸነፈውን መዝለል ቀላል ነውና። ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፈን በ2011 ያሳተሙት ጥናት ይህን ሐሜት ለመፈተን ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 ዘመቻዎችን ቆጠረ። ሰላማዊዎቹ 53 በመቶ፣ የታጠቁት 26 በመቶ ግባቸውን መትተዋል። ምክንያቱ ብዛት ነው። ጫካ ለመግባት ጉልበት፣ ዕድሜና ከቤተሰብ መለየት ይጠይቃል፤ ገበያ ላለመሄድ ግን አሮጊትም ሕፃን ያዘለችም ትችላለች። ብዙ ዓይነት ሰው ሲሰለፍ የወታደሩ እናትና የሹሙ ልጅም ሰልፉ ውስጥ ይኖራሉ። ከሕዝቡ 3.5 በመቶ የሚሆነው በንቃት ከተሳተፈ አገዛዝ አይቆምም የሚለው ዝነኛ አኃዝም የመጣው ከዚሁ ጥናት ነው፤ ባህሬን በ2011 ከዚያ በላይ ሰው አውጥታም አልተሳካላትም፤ ቼኖዌት ራሳቸው አኃዙን እንደ ሕግ አትያዙብኝ ይላሉ።

ተቺዎች ሁለት ነገር ያነሳሉ። ድንጋይ የተወረወረበትን፣ ፖሊስ ጣቢያ የተቃጠለበትን ንቅናቄ «ሰላማዊ» ብሎ መመደብ አከራካሪ ነው። ደግሞም ድሉ እየሳሳ ነው፤ ከ2010 ወዲህ የተሳካላቸው ሰላማዊ ንቅናቄዎች ወደ ሲሶ ወርደዋል። የታጠቁት ከዚያም በታች ቢሆኑም የፕሪቼት ዓይነት መንግሥታት መብዛታቸው አያጠራጥርም። ኢንተርኔት ይዘጋሉ፣ በካሜራ ፊት ይለያሉ፣ ሰርጎ ገብ አስገብተው ድንጋዩን ራሳቸው ያስወረውራሉ። ንቅናቄዎቹም ለሰልፍ በስልክ ቶሎ ሲጠራሩ፣ ለወራት የሚዘልቅ ድርጅት መገንባቱን ትተውታል። ከሁሉም የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።

ኮልፌ

ሰላማዊ ትግል በጥይት ሲመለስ ምን ይደረጋል የሚለውን ከባድ ጥያቄ ይዘው አዲስ አበባ የመጡ አንድ እንግዳ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካው የነጻነት ድርጅት ኤ.ኤን.ሲ. ለግማሽ ምዕተ ዓመት በአቤቱታ፣ በአድማና በእምቢተኝነት ታግሏል፤ በ1952ቱ ዘመቻ ብቻ ከ8,000 በላይ ሰው በፈቃዱ ታስሯል። በማርች 21፣ 1960 ሻርፕቪል ላይ የይለፍ ወረቀታችንን ጥለን መጥተናል፣ እሰሩን ያሉ 69 ሰዎች ተገደሉ። የኤ.ኤን.ሲ. ፕሬዚዳንት አልበርት ሉቱሊ በዲሴምበር 1961 ኦስሎ ላይ የሰላም ኖቤል ተቀበሉ፤ በዚያው ሳምንት፣ በዲሴምበር 16፣ አዲሱ ወታደራዊ ክንፍ የመጀመሪያዎቹን ፈንጂዎች አፈነዳ። የክንፉ መሪ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ማሠልጠኛ ተኩስና ፈንጂ ተማሩ። ሥልጠናው ስድስት ወር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በሁለት ወር ገደማ ወደ አገራቸው ተጠሩና ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥ ሸልመው ሸኟቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ።

ለማንዴላ ሰላማዊነት እንደ ጋንዲ የማይሻር ቃል ኪዳን አልነበረም፤ እስከሠራ ድረስ የሚያዝ ስልት እንጂ። በመጨረሻ አፓርታይድን ምን ጣለው የሚለው ግን ከጥይቱ ይልቅ ወደ ገበያው ያመለክታል። በ1983 የተባበረው ዴሞክራሲያዊ ግንባር ተመሠረተ። በ1985 የፖርት ኤልዛቤት ጥቁሮች በምኩሴሊ ጃክ አስተባባሪነት ከነጭ ሱቆች መግዛት ሲያቆሙ፣ ነጭ ነጋዴዎቹ ራሳቸው መንግሥታቸውን መወትወት ጀመሩ። ማዕቀቡ፣ የሠራተኛ ማኅበራቱ አድማና የታጠቀው ክንፍ ድርሻ ስንት ስንት እንደሆነ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ።

የናዚው ጥያቄ ከዚህም ይከብዳል። ጋንዲ በ1938 የጀርመን አይሁድ በሰላማዊ እምቢታ እንዲጸኑ ጽፈው፣ ፈላስፋው ማርቲን ቡበር በ1939 በግልጽ ደብዳቤ መለሱላቸው፤ የምስክር ድምፅ የማይሰማበት፣ ሰው ያለ ስም የሚጠፋበት ግዛት ደቡብ አፍሪካ አይደለም የሚል ነበር መልሱ። ክርክሩ የቡበር ይመስላል። ሆኖም በ1943 በርሊን፣ ሮዘንሽትራሰ በተባለው ጎዳና፣ አይሁድ ባሎቻቸው የተያዙባቸው ጀርመናውያን ሚስቶች ለቀናት ቆመው ሲጮኹ ባሎቹ ተለቀቁ። የለቀቃቸው ጩኸቱ ነው ወይስ ቀድሞም ሊለቀቁ ነበር በሚለው የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙም።

ከውስጥ የመጣው ትችትም ቀላል አይደለም። በሂንዱ ተዋረድ ዝቅተኛ የተደረጉት ሕዝብ መሪ ቢ.አር. አምቤድካር በ1932 ለወገኖቻቸው የተለየ የምርጫ መብት ሲያገኙ ጋንዲ እስከ ሞት ጾም ገቡ። አምቤድካር በአራት ቀን ተስማሙ፤ ጾሙን ግን ማስገደድ እንጂ ሰላም ብለው አልቆጠሩትም። የመላው ሂንዱ ቁጣ በወገኖቻቸው ላይ ሊወርድ በነበረበት ሰዓት እምቢ የማለት ነጻነት ነበራቸው ማለት ያዳግታል። በሶርያም የጀውደት ሰዒድ ተማሪዎች በ2011 ዳራያ ከተማ ለወታደሮች ውሃና አበባ አቀረቡ። ካቀረቡት አንዱ ጊያስ ማታር በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር እስር ላይ ሳለ ሞተ። አገሪቱም ወደ ጦርነት ገባች።

«ያለ ምንም ደም»

የ1966ቱ የኢትዮጵያ አብዮት የጀመረው በአብዛኛው ባልታጠቁ ሰዎች ነው። በየካቲት የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን በትምህርት ፖሊሲው አድማ መቱ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በወሩ ውስጥ ለቀቀ። ቀጥሎ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች ለሃይማኖት እኩልነት ሲሰለፉ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጡ። በጦሩም ውስጥ ከነገሌ ቦረና ጀምሮ ማመፅ ነበር፤ ለውሳኔ የተደራጀውም ጦሩ ብቻ ነበር። መምህሩም ሠራተኛውም ተማሪውም በሩን ከፈቱት፤ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስን የጋራ አካል አልነበራቸውም። ደርግ «ያለ ምንም ደም» እያለ ገባ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናት በአንድ ሌሊት ተረሸኑ።

በቅርቡ ታሪክ በሥርዓቱ ጽናት ጎልቶ የሚታየው በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የሙስሊሞች ንቅናቄ ነው። በየዓርቡ በአንዋርና በሌሎች መስጊዶች፣ አንዴ በዝምታ፣ አንዴ ነጭ በማውለብለብ፣ አንዴ ቢጫ ካርድ በማሳየት፣ ስልቱን እየቀያየረ ለረጅም ጊዜ ዘለቀ። መሪዎቹ ሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በ2007 በሽብር ክስ እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ድረስ በየጊዜው ተፈቱ። ከ2008 ጀምሮ በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል የተነሳው ተቃውሞ ደግሞ የተደበላለቀ ነው። እጅን አጣምሮ ከፍ ማድረግ፣ ገበያ ማቆም፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ፤ ጎንደር ላይ «የኦሮሞ ደም ደሜ ነው» የሚል ጽሑፍ፤ አትሌት ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሲገባ ያሳየው ምልክት፤ በሌላ በኩል የተቃጠሉ ፋብሪካዎችና መኪናዎች። በየካቲት 2010 ለሦስት ቀን በተጠራው አድማ መንገዶች ከተዘጉ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ማን ይግባ የሚለው የ1966ቱ ጥያቄ ግን መልኩን ቀይሮ ተመልሶ መጥቷል።

ከሱዳን ማዕድ ቤቶች

በዚህ ሁሉ መካከል ጎረቤት ሱዳን ለመስኩ ተመራማሪዎች ትልቁ ፈተና ሆናለች። ሱዳናውያን በ1964 እና በ1985 ወታደራዊ አገዛዝን በአድማ አውርደዋል። በዲሴምበር 2018 አትባራ ከተማ በዳቦ ዋጋ የተነሳውን ቁጣ የሐኪሞች፣ የመምህራንና የሌሎች ባለሙያዎች ማኅበር አደራጀው፤ በየሰፈሩም የተቃውሞ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከኤፕሪል 6፣ 2019 ጀምሮ ሰልፈኞቹ በጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ዖማር አልበሺር ወረዱ። ጁን 3 ቀን በተቀመጡት ሰዎች ላይ ተተኮሰ፤ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፣ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ኮሚቴዎቹ በበራሪ ወረቀት፣ በግድግዳ ጽሑፍና በር በማንኳኳት ሰው ጠርተው ጁን 30 ቀን አገሩን አንቀሳቀሱት። የኢትዮጵያው ልዑክ መሐሙድ ድሪርና የአፍሪካ ኅብረቱ አደራዳሪ ለሳምንታት ደክመው ወታደሩና ሲቪሉ ሥልጣን እንዲጋሩ በኦገስት ተፈረመ። ጦሩ በኦክቶበር 2021 ስምምነቱን አፈረሰ። በኤፕሪል 2023 ደግሞ ሁለቱ የታጠቁ ኃይሎች እርስ በርስ ተዋጉ፤ አገሪቱን አነደዷት።

ሱዳንን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ይኖራል። የታጠቁት በሚደራደሩበት ጠረጴዛ ላይ ያልታጠቀው ወገን ምን ይዞ ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ከጥናት መድረኮች የማይጠፋውም ለዚህ ነው። የሰፈር ኮሚቴዎቹ ግን አልተበተኑም። ብዙዎቹ የአስቸኳይ ርዳታ ክፍሎች ሆነው፣ ሰልፍ ይጠሩበት በነበረው የሰፈር መረብ ሕሙማንን ያሸሻሉ፣ ውሃ ያዳርሳሉ፣ የጋራ ማዕድ ቤት ያበስላሉ። ከገንዘቡ ከፊሉ በውጭ ካሉ ሱዳናውያን በስልክ የባንክ መተግበሪያ ይመጣል። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ ብዙ ማዕድ ቤቶች ተዘጉ፤ የቀሩት በቀን የሚያበስሉትን ቀንሰው ምድጃቸውን አላጠፉም።